በ33 ዓመት ልጅ ለመውለድ መነሳት፦ አሁን ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 33፣ የባለቤቴ ደግሞ 38 ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ እስካሁን ልጅ ባይኖረንም ወደፊት ሁለት ልጆች እንዲኖሩን እንፈልጋለን። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ስወስድ ቆይቻለሁ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮም የወር አበባዬ ጨርሶ ቀርቷል። የጀመርኩት ትምህርት ሁለት ዓመት ስለሚቀረው እሱን ጨርሼ ብናስብበት ይሻላል ብዬ ነበር፤ የቅርብ ሰዎች ግን ‹35 ካለፈሽ አለቀ› ይሉኛል። የቀረኝን ጊዜ የሚናገር የደም ምርመራ እንዳለም ሰምቻለሁ። መቆየት እንችላለን? አሁኑኑ ከወሰንንስ ከምን እንጀምር?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ አቋሜን ላስቀምጥና ምክንያቱን ቀጥዬ ላብራራ። በ33 ዓመትዎ አልዘገዩም፤ 35 ሲሞላዎትም በአንድ ሌሊት የሚቋረጥ ነገር የለም። ሆኖም ሁለት ልጆች የመውለድ ፍላጎታችሁ የጸና ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መጠበቁን አልመክርም። ይህን የምለው ለመጀመሪያው ልጅ ሰግቼ ሳይሆን ለሁለተኛው አስቤ ነው። በዚያ ላይ የሚወስዱት መርፌ ካቆሙትም በኋላ ለወራት የሚቆይ ውጤት ስላለው፣ ሁለት ዓመት ብለው ያሰቡት ዕቅድ በተግባር ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል።

ዕድሜ በመውለድ አቅም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ በእንቁላሎች ቁጥር ብቻ ስለሚገለጽ ጉዳዩ በከፊል ይሸፈናል። ሴት ልጅ በሕይወቷ የምትጠቀምባቸውን እንቁላሎች ሁሉ ይዛ ትወለዳለች። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱት እንቁላሎች ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ወደ 300,000 ወይም 400,000 ዝቅ ይላሉ፤ በ37 ዓመት አካባቢ ደግሞ ወደ 25,000 ይቀራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በዕድሜ ዘመኗ በስለው የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ብቻ በመሆናቸው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ለምትገኝ ለአብዛኛዋ ሴት የሚያሳስበው የእንቁላሉ ማለቅ ሳይሆን የጥራቱ ነገር ነው። እንቁላሉ ክሮሞዞሞቹን፣ ማለትም የዘር መረጃ የተሸከሙትን ክሮች፣ የሚከፋፍልበት ሂደት የሚጀመረው ሴቷ ራሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ሲሆን፣ ያ እንቁላል በስሎ እስኪወጣ ድረስ ሂደቱ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ይቆያል። ይህ ቆይታ በረዘመ ቁጥር ክሮሞዞሞቹን አጣምረው የያዙት ፕሮቲኖች እየላሉ ስለሚሄዱ፣ ክፍፍሉ በመጨረሻ ሲጠናቀቅ አንድ ክሮሞዞም የተረፈው ወይም የጎደለው እንቁላል የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። በዕድሜ ሳቢያ የእርግዝና መዘግየት፣ የጽንስ መጨናገፍና እንደ ዳውን ሲንድሮም (አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም የሚያስከትለው የአእምሮና የአካል እድገት ችግር) ያሉ የክሮሞዞም ችግሮች መብዛት በአብዛኛው ከዚሁ ከአንዱ ምክንያት የሚመነጩ ናቸው።

ለውጡ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለማየት ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው በፈረንሳይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ሲሆን፣ ባሎቻቸው የዘር ሕዋስ ስለሌላቸው በለጋሽ ዘር ለማርገዝ የሞከሩ ከ2,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ነው። ጥቅሙም የባል ዕድሜና የግንኙነት ድግግሞሽ ውጤቱን እንዳያዛቡት ማድረጉ ነው። በ12 ዙር ሙከራ ውስጥ ያረገዙት 30 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑት ሴቶች ወደ 74 በመቶ፣ ከ31 እስከ 35 ከሆኑት ወደ 61 በመቶ፣ ከ35 በላይ ከሆኑት ደግሞ ወደ 54 በመቶ ነበሩ። ሁለተኛው በአውሮፓ ከተሞች በተፈጥሯዊ መንገድ ለማርገዝ የሞከሩ ጥንዶችን ያጠናና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ነው። በእሱ ግምት መሠረት በሳምንት ሁለት ጊዜ ግንኙነት እየፈጸሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳያረግዙ የሚቀሩት ከ19 እስከ 26 ዓመት 8 በመቶ፣ ከ27 እስከ 34 ዓመት 13 ወይም 14 በመቶ፣ ከ35 እስከ 39 ዓመት ደግሞ 18 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ካልተሳካላቸውም ውስጥ በዕድሜያቸው ልክ ከ43 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑት በሁለተኛው ዓመት ያለ ሕክምና ሊያረግዙ እንደሚችሉ ጥናቱ ገምቷል። እነዚህ አኃዞች ቀስ በቀስ የሚወርድ ቁልቁለት ያሳያሉ፤ ቁልቁለቱ ከ37 ዓመት ወዲህ ፈጠን ይላል፤ በየወሩ የማርገዝ ዕድል በሠላሳዎቹ መግቢያ ላይ ከአራት አንድ ገደማ የነበረው በ40 ዓመት ከአሥር ወደ አንድ ይወርዳል።

«35 ካለፈሽ አለቀ» የሚለው አባባል እንግዲህ ከየት መጣ ቢሉ፣ ቁጥሩ ሥር የያዘው በ1970ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ የክሮሞዞም ችግርን ለመመርመር ከእንሽርት ውኃ ናሙና መውሰድ ተጀምሮ ስለነበር፣ ምርመራው ራሱ ጽንሱን የማስወረድ አደጋው ዳውን ሲንድሮም የመገኘት ዕድሉን የሚስተካከልበት ዕድሜ 35 ሆኖ ተወሰደ። ማለትም ቁጥሩ ለየትኛዋ እናት ምርመራ ይቅረብላት የሚለውን ለመወሰን የተቀመጠ እንጂ የመውለድ አቅም ማብቂያ ተብሎ የታወጀ አልነበረም። የዳውን ሲንድሮም ዕድል ራሱ በ30 ዓመት ከ900 እስከ 1,000 ውልደቶች አንድ ገደማ፣ በ35 ዓመት ከ350 አንድ ገደማ፣ በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ ነው። የጽንስ መጨናገፍን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኖርዌይ ብሔራዊ መዝገብ ጥናት ከ30 እስከ 34 ዓመት 11 በመቶ፣ ከ35 እስከ 39 ዓመት 17 በመቶ፣ ከ40 እስከ 44 ዓመት 32 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በእርግዝና ወቅት የሚነሳ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ፣ እንዲሁም በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድል ከ35 ወዲህ ከፍ ይላሉ፤ በክትትል የሚያዙ ስለሆኑ ግን እኔ ለውሳኔዎ ዋና መመዘኛ አላደርጋቸውም።

ዋናው መመዘኛ የልጆቹ ቁጥር ነው የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ስሌት፣ ጥንዶች የሚፈልጉትን ያህል ልጅ ለማግኘት ሴቷ በስንት ዓመቷ መሞከር መጀመር እንዳለባት አስልቷል። ያለ አይቪኤፍ፣ ማለትም ከማህፀን ውጭ በላብራቶሪ የሚከናወነው የማርገዝ ሕክምና ሳይታከልበት፣ አንድ ልጅ ለማግኘት 90 በመቶ ዕድል እንዲኖር መነሻው 32 ዓመት ሲሆን፣ 50 በመቶ ዕድል ለሚበቃው ደግሞ እስከ 41 ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ለሁለት ልጆች ግን እነዚህ ዕድሜዎች ወደ 27 እና 38 ይወርዳሉ። እርስዎ ዛሬ በሁለቱ መካከል ነዎት፤ ይህም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ነገር ግን ለሁለት ልጆች ሁለት ዓመት መጠበቅ ለአንድ ልጅ ሁለት ዓመት ከመጠበቅ የበለጠ ዋጋ እንደሚያስከፍል በግልጽ ያሳያል።

ስሌቱን በእርስዎ ዕድሜ እንሥራው። መርፌውን 35 ሲሞላዎት ቢያቆሙና የመጀመሪያው እርግዝና 36 ዓመት አካባቢ ቢገኝ፣ የሚወልዱት ወደ 37 ሲቃረቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት መቆየትን ስለሚመክር፣ ይህን አክብረው ለሁለተኛው ልጅ መሞከር የሚጀምሩት 39 ሊሞላዎት ሲል ነው፤ ባለቤትዎም ያኔ 44 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። አሁን ቢያቆሙ ግን ተመሳሳዩ ስሌት የመጀመሪያውን ልጅ 35 ሳይሞላዎት፣ የሁለተኛውን ሙከራ ደግሞ 37 ሳይሞላዎት ያደርሰዎታል። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ብቻ ቢመስልም ቁልቁለቱ የሚፈጥንበትን ዕድሜ ከፊት ወይም ከኋላ የሚያስቀር ሁለት ዓመት ነው። አንድ ልጅ ይበቃናል ብትሉ ኖሮ ምላሼ ከዚህ የላላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ መርፌው ልለፍ። የወር አበባዎ መቅረቱ ማህፀንዎ እንደተጎዳ ወይም ደም በውስጥዎ እንደተጠራቀመ የሚያሳይ ምልክት አይደለም። መርፌው እንቁላል እንዳይወጣ ስለሚያደርግና የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳ የሚፈስ ደም አይኖርም፤ ከአንድ ዓመት አጠቃቀም በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የወር አበባ አያዩም። መርፌው ለዘለቄታው መካን አያደርግም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚወጣ የመውለድ አቅም የሚመለሰው ከሌሎች መከላከያዎች ዘግይቶ ነው፤ መርፌውን ካቆሙ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የሚያረግዙት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የቀሩት ከዚያ በላይ ይቆያሉ። እንክብል፣ ሉፕ ወይም በክንድ ሥር የሚቀበረውን የሚጠቀሙ ሴቶች ይህ መዘግየት አይገጥማቸውም፤ አቅማቸው ካቆሙ ወይም ካስወጡ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ጥቂት ወራት ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ ምንም ባትወስኑ እንኳ ቀጣዩን መርፌ አለመወጋትና እስከምትወስኑ ድረስ በኮንዶም ወይም በእንክብል መተካት ከሁሉ የሚቀድም ምክሬ ነው። ይህን ማድረግዎ እርግዝናን አያስገድድዎትም፤ የመወሰኛ ጊዜዎን ግን ከመድኃኒቱ እጅ ወደ እርስዎ እጅ ያወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከመርፌ በኋላ የመጀመሪያው እንቁላል የሚወጣው የመጀመሪያው የወር አበባ ከመታየቱ በፊት በመሆኑ፣ የወር አበባ ሳያዩ ሊያረግዙ ይችላሉ። የወር አበባ የሚጠብቁበት ቀን ስለሌለዎትም መቅረቱን አይተው እርግዝናን ሊጠረጥሩ አይችሉም። መሞከር ከጀመራችሁ የወር አበባዎ እስኪመለስ ድረስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሽንት የእርግዝና ምርመራ ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

ስለ ደም ምርመራው የሰሙት ኤኤምኤች የተባለውን ሆርሞን የሚለካውን ይመስለኛል። ይህ ሆርሞን በኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል በሚገኝበት የሴት አካል፣ ውስጥ ካሉ ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች የሚወጣ ሲሆን፣ የቀረውን የእንቁላል ብዛት በግምት ያመለክታል። በአይቪኤፍ ሕክምና ውስጥ ኦቫሪ ለመድኃኒት ምን ያህል እንቁላል እንደሚሰጥ ለመገመት ይጠቅማል። ለእርስዎ ጥያቄ ግን መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤኤምኤች ዝቅ ያለባቸው ሴቶች ልኬታቸው ደህና ከሆነው ባልተናነሰ ሁኔታ እንዳረገዙ አሳይቷል። ምርመራው ብዛትን እንጂ ጥራትን አይለካም፤ የጥራቱ ትልቁ መለኪያ ደግሞ የልደት ቀንዎ ነው። በዚያ ላይ ሆርሞን ያለባቸው መከላከያዎች ልኬቱን ዝቅ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ መርፌው ላይ ሆነው ቢመረመሩ ያለ ምክንያት ሊደነግጡ ይችላሉ። ከፍ ያለ ውጤትም እንደዚሁ አሳሳች ነው፤ «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ» ብላ ዓመታት የምታሳልፍ ሴት ከድንጋጤው ይልቅ በመዝናናቷ ልትጎዳ ትችላለች። ስለዚህ ይህን ምርመራ አሁን አላዝልዎትም።

ከወሰናችሁ የመጀመሪያው እርምጃ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መውሰድ ነው። በየቀኑ 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ ከአንድ ወር፣ ቢቻልም ከሦስት ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ይወሰዳል። ሳይረገዝ መጀመር ያለበት የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከተጸነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ስለሚዘጋ ነው፤ ይህም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና በሚጠረጥሩበት ጊዜ ሥራው አልቆ ነበር ማለት ነው። ከላይ እንዳልኩት እርስዎ የወር አበባ ስለማያዩ ይህ ለእርስዎ በእጥፍ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀደም ሲል በዚህ ችግር የተጠቃ ጽንስ የነበራቸው እናቶች ከፍተኛ መጠን ያለው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል 72 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች የሚያስፈልጋቸው ከአሥር እጥፍ ያላነሰ መጠን ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ ይውሰዱ።

ቀጥሎ አንድ የቅድመ እርግዝና ምርመራ ያድርጉ። በዚህ ቀጠሮ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ነው። በደብዳቤዎ የጠቀሱት ሕመም ባይኖርም በዚህ ዕድሜ የደም ግፊት፣ የታይሮይድ ወይም የቆዳ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙዎች ስለሆኑ ለሌሎች አንባቢዎችም ስል እጠቅሰዋለሁ። ለደም ግፊት የሚሰጡት እነ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የጽንሱን ኩላሊት ስለሚጎዱ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ደግሞ በጽንስ አፈጣጠር ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትሉ፣ አስቀድሞ በሌላ መተካት ወይም ማቆም ያስፈልጋል። መተካቱ ግን የሐኪም ሥራ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። የስኳር በሽታ ያለባት ሴት ኤ1ሲ የተባለው፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ልኬቷ ከ6.5 በመቶ በታች እስኪወርድ መከላከያ ብትጠቀም ይመረጣል፤ በጽንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት ደም ውስጥ የሚበዛ ስኳር የልብና የኅብለ ሰረሰር ጉድለት ያመጣልና። በዚሁ ቀጠሮ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዎች ይከናወናሉ፤ ሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) የተባለውን በሽታ የሚከላከል አቅም በሰውነትዎ ከሌለ ክትባቱ ይሰጥና ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር እርግዝና ይዘገያል፤ ክትባቱ ሕያው ተሕዋስ ስላለበት በእርግዝና ጊዜ አይሰጥምና። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጊዜው ከደረሰም አሁን ማድረጉ ይቀላል።

ስለ አኗኗር የማልፈው በአጭሩ ነው። ሲጋራ እንቁላልን በፍጥነት ስለሚያሟጥጥ አጫሾች የወር አበባቸው የሚቋረጠው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው፤ መሞከር ከተጀመረ አልኮል ይቅር፤ ክብደት በጣም ሲያንስም ሆነ በጣም ሲበዛ የእንቁላል አወጣጥን ያዛባል። ከዚህ በተረፈ የመውለድ አቅምን ያድሳሉ እየተባሉ የሚሸጡ እንክብሎችና መጠጦች የእንቁላልን ዕድሜ ሊመልሱ አይችሉም።

በደብዳቤዎ ስለ ባለቤትዎ የተናገሩት ዕድሜያቸውን ብቻ ነው፤ ይህ በብዙ ጥያቄዎች ላይ የማየው ነገር ስለሆነ ላሳስብ እወዳለሁ። ለማርገዝ ከተቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ከላይ የጠቀስኩት የ2004ቱ ጥናትም የሴቷ ዕድሜ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ሲሆን የባልየው ዕድሜ ከ35 ወደ 40 ማለፍ በአንድ ዓመት ያለማርገዝን ዕድል ከ18 ወደ 28 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ ገምቷል። አንድ የወንድ ዘር ሕዋስ ተሠርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ባለቤትዎ ዛሬ ማጨስ ቢያቆሙ ወይም ክብደት ቢቀንሱ ውጤቱ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለጡንቻ ወይም ለብርታት ተብሎ የሚወሰድ ቴስቶስተሮን ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ የዘር ሕዋስ ምርትን እስከ ማቆም ሊደርስ ስለሚችል፣ የሚወስዱ ከሆነ ከሙከራው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

የግንኙነት ጊዜን በተመለከተ ማርገዝ የሚቻለው በስድስት ቀናት ውስጥ ነው፤ እነሱም እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከእሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው። የዘር ሕዋስ በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ሲችል እንቁላሉ ግን ከአንድ ቀን በላይ አይቆይምና እንቁላሉ ከወጣ በኋላ መጣደፍ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ዙራቸው 28 ቀን ላልሆነ ሴቶች «14ኛው ቀን» የሚለው ስሌት አይሠራም። ቀን መቁጠር ከሚያስጨንቃችሁ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መገናኘት በቂ ነው፤ እኔም ለመጀመሪያዎቹ ወራት የምመርጠው ይህንን ነው፤ ግንኙነትን በቀን መቁጠሪያ ማሠር ለብዙ ጥንዶች ከጥቅሙ ይልቅ ጭንቀቱ ይብሳልና። የወር አበባዎ ከተመለሰ በኋላ እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ በሽንት የሚሠራውን የእንቁላል መውጫ መመርመሪያ መጠቀም ይችላሉ።

ትምህርትዎን በሚመለከት ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስቡበት። መርፌውን አሁን አቁመው ወዲያው መሞከር ቢጀምሩ እንኳ፣ አቅምዎ እስኪመለስ የሚያልፉትን ወራት፣ ለማርገዝ የሚወስደውን ጊዜና ዘጠኙን ወር ስትደምሩ፣ የመውለጃ ጊዜዎ በትምህርቱ ማብቂያ ዓመት ላይ ሊውል ይችላል። ፈጥነው ቢያረግዙም የአንድ መንፈቅ ዕረፍት ወስዶ ትምህርትን መቀጠል ይቻላል፤ በዕድሜ የሚመጣውን የእንቁላል ለውጥ ግን ማቋረጥም ሆነ ማራዘም አይቻልም። ሙሉ በሙሉ ዝግጁ ነን የሚሉበት ቀን እስኪመጣ የሚጠብቁ ጥንዶች ያን ቀን ብዙ ጊዜ አያገኙትም። በሌላ በኩል ከሁለታችሁ አንዱ ልጅ ስለመፈለጉ ገና ካልወሰነ፣ የእኔ አኃዞች ለዚህ መልስ አይሆኑም፤ በዕድሜ ፍርሃት ብቻ ተገፍቶ መሞከር መጀመርንም አልመክርም። እንቁላል ወይም ጽንስ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ አማራጭ ነው፤ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው እንቁላሉ ከ35 ዓመት በፊት ሲወሰድ ሲሆን፣ ለተጋቡና አሁን መሞከር ለሚችሉ ሰዎች ግን ቀላሉን መንገድ ትቶ ከባዱን መምረጥ ይመስለኛል። አይቪኤፍም ቢሆን የሚሠራው ባለው እንቁላል ስለሆነ በዕድሜ የጠፋውን አይተካም።

በመጨረሻ መቼ ለምርመራ ትመጣላችሁ የሚለውን ልመልስ። ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት፣ 35 ከሞላት ስድስት ወር ያለ መከላከያ ተሞክሮ ካልተሳካ ምርመራ ይጀመራል፤ 40 ከሞላት ሳይቆዩ መምጣት ይሻላል። ለእርስዎ ይህ ቆጠራ የሚጀምረው የወር አበባዎ ከተመለሰበት ጊዜ እንጂ ከመጨረሻው መርፌ ቀን አይደለም፤ አለበለዚያ በመድኃኒቱ ምክንያት ያለፉትን ወራት እንደ መካንነት ቆጥረው ይጨነቃሉ። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 12 ወር አልፎ የወር አበባ ካልመጣ፣ ወይም ከተመለሰ በኋላ በጣም ከተዛባ፣ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ደርሶብዎ ከነበረ፣ የወር አበባ ሕመምዎ ከባድ ከሆነ፣ ወይም ባለቤትዎ በልጅነታቸው የዘር ፍሬያቸው ሳይወርድ ቀርቶ ከነበረ ይህን ጊዜ ሳትጠብቁ ኑ። ስትመጡ ሁለታችሁም ኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች የእርስዎን እንቁላል መውጣት የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ፣ የማህፀንና የኦቫሪ አልትራሳውንድ እና የባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ናቸው። የማህፀን ቱቦን በኤክስሬይ የማየቱ ምርመራ ለሴቷ የሚያም ስለሆነ፣ የባልየው የዘር ፈሳሽ ውጤት ሳይታይ እሱን አላዝም።